ከአፑ ጋር የሄደ ገመና

ሲስተር የማትጸየፈው ነገር ቢኖር ሳሙና ብቻ ነው። የበር እጀታ በክርኗ ትከፍታለች፤ የታክሲ ወንበር ላይ ጋዜጣ ሳታነጥፍ አትቀመጥም፤ ሰው ሲያስነጥስ ፊቷን አዙራ ትንፋሿን ይዛ እስከ አስር ትቆጥራለች። ሃያ ስድስት ዓመት በነርስነት ስትሠራ ይህ ጠባይ እየባሰባት እንጂ እየለቀቃት አልሄደም። ባልደረቦቿ በሌለችበት ‹አፍንጮ› ይሏታል። ታውቃለች። እንደ ስድብም አልቆጠረችው፤ አፍንጫ ያለው ሰው ቢበዛ ኖሮ ዓለም እንዲህ አትከረፋም ነበር ባይ ናት።

ቤት ለቤት እየዞሩ ሕመምተኛ የሚጎበኙ አምስት ነርሶችን ትመራለች፤ ስድስተኛ ሆና ራሷም ትዞራለች። ጤና ጣቢያው ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ታብሌት ሰጥቷል። ታብሌቱ ላይ የተጫነው አፕ የሕመምተኛውን ስም፣ ፎቶ፣ የቤት ቁጥርና የበሽታ ዓይነት ይይዛል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች የመውለጃዋን ቀን አስልቶ ያወጣል። ከታች ደግሞ ‹ማስታወሻ› የሚል ባዶ ቦታ አለው፤ ነርሷ ለራሷ የምትጽፍበት።

ሰኞ ጠዋት ለጉብኝት ከመውጣታቸው በፊት ስድስቱም አንድ ጠረጴዛ ከበው ታብሌታቸውን ያወጣሉ። ሲስተርን ከሳምንቱ ሰዓት ሁሉ የሚያቅለሸልሻት ይሄ ነው። አንደኛው ታብሌት ላይ የዘይት ጣት፣ ሌላኛው ላይ የሕፃን ንፍጥ፣ ሦስተኛው ላይ ምንነቱን እግዜር ብቻ የሚያውቀው ቢጫ ነገር ደርቋል። እንካችሁ የምትባለው ነርስ ደግሞ ጣቷን በምራቋ እያራሰች ነው መስታወቱን የምትገፋው፣ የመጽሐፍ ገጽ የምትገልጥ ይመስል። እንካችሁ የወጣላት ስም ነው። እጇ የገባ ነገር ለሰው ሳይሰጥ አያድርም፤ ብስኩትም ይሁን ጃንጥላ፣ ወሬም ይሁን መድኃኒት፣ ለሷ ሁሉም አንድ ነው።

ጠረጴዛ የሚያስከብባቸው ጉዳይ ቅብብል ነው። የጤና ጣቢያው ኢንተርኔት ከቀንድ አውጣ ይዘገያል፤ ስድስት ታብሌት ላይ አንድ አፕ ለማውረድ ሳምንት አይበቃውም። ስለዚህ የተሻሻለ አፕ በመጣ ቁጥር ሲስተር ታብሌት ላይ ብቻ ይወርድና ከሷ ለጎረቤቷ፣ ከጎረቤቷ ለሚቀጥለው በብሉቱዝ ይተላለፋል። የኮምፒውተር ባለሙያው ሲያሠለጥናቸው የመጫኛውን ፋይል ብቻ አስተላልፉ ብሏቸው ነበር። አስተላልፈው አዩት፤ አፑ ራቁቱን ሄደ። የመንደሮቹን ዝርዝር፣ የቤት ቁጥሩን፣ የመድኃኒቱን ስም ሁሉ እንደገና በጣት መልቀም ሁለት ሙሉ ቀን ፈጀባቸው። በሁለተኛው ጊዜ ሲስተር መላ መታች። «ለምን ፎልደሩን እንዳለ አልሰጣችሁም? ዝርዝሩ አብሮ ይመጣል። የኔን ሕመምተኞች እናንተ ጋ ሲደርሱ ደምስሷቸው፣ አለቀ።»

እውነትም አለቀ። የሁለት ቀን ሥራ በሃያ ደቂቃ ተጠናቀቀ። ኃላፊው በስብሰባ ላይ ስሟን ጠርቶ አመሰገናት፤ ታብሌቷም ‹እናት ታብሌት› የሚል ማዕረግ አገኘች።

ሲስተር ሕጉንም ሳታይ ቀርታ አይደለም። እንዲያውም የፈቃዱን ጽሑፍ ያነበበች እሷ ብቻ ነበረች። የሞባይል ሱቆች የሚቸረችሩት የተሰረቀ ፕሮግራም ለሷ የሰው ጥርስ ብሩሽ ነው፤ ቢሰጧትም አትነካው። ይሄኛው ግን መግቢያው ላይ በግልጽ ተጽፎበታል፤ አፑ ነፃ ነው፤ ማንም ሰው ገልብጦ ለማንም መስጠት ይችላል፤ ክልክሉ መሸጥና ይህን ጽሑፍ መፋቅ ብቻ ነው። አንድ ሰኞ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው።

«ለማንም?» አለች እንካችሁ፣ ጣቷ አፏ ውስጥ እንዳለ።

«ለማንም። እጅሽን ከአፍሽ አውጪ።»

ከሲስተር ሕመምተኞች መሃል አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። የመጀመሪያ ልጇን ሦስት ቀን አምጣ፣ ልጁ ሳይተርፍላት፣ እሷም ሽንቷን መቋጠር የማትችል ሆና ቀረች። ሌት ተቀን ይፈሳታል። ባሏ መጀመሪያ አልጋ ለየ፣ ቀጥሎ ቤት ለየ። ለሥራ ሩቅ ሄደ ብላ ለሰው አወራች፤ ከእናቷ ማኅፀን አብራት የወጣችው እህቷ እንኳ እውነቱን አታውቅም። አንድ ክፍል ውስጥ ትሰፋለች፣ እዚያው ትተኛለች፣ ደንበኞቿን እዚያው ትቀበላለች። ጨርቅ እየለወጠች፣ እያጠበች፣ ሽቶ እየረጨች የሰውን ቀሚስ ትሰፋለች። እንጀራዋም ክብሯም በዚያች ምስጢር ላይ የቆመ ነው።

ሕመሙ በኦፕራሲዮን ይድናል። ሲስተር ይህን በመጀመሪያው ጉብኝት ነግራታለች፤ ልብስ ሰፊዋም ጉልበቷን አቅፋ ልትስማት ነበር፤ ሲስተር ሸሸች እንጂ። ወደ ሆስፒታል ለመላክ ከሕመምተኛዋ ጋር ቁጭ ተብሎ ታብሌቱ ላይ የሚሞላ ረጅም ፎርም አለ። ሲስተር ደግሞ እዚያ ቤት መቀመጥ ይቅርና ከሰባት ደቂቃ በላይ ቆማ አታውቅም። ሽታው ከደጅ ነው የሚቀበላት። ለሌላ ቀን፣ ለሌላ ቀን እያለች አሥራ አራት ወር ሆነ።

በመጣች ቁጥር ልብስ ሰፊዋ ሦስት ነገር ትጠይቃታለች።

«ተራዬ አልደረሰም፣ ሲስተር?»

«ገና ነው። ይደውላሉ፣ ስልክሽን አትዝጊ።»

«እ... ይሸታል እንዴ? እርስዎ እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ኧረ ምንም! የራስሽ ሐሳብ ነው እንጂ።»

«ይሄን የሚጽፉትን ማን ያየዋል?»

«እኔና አንቺ። ሕግ አለው፤ የሕመምተኛ ምስጢር ላላወጣ ፈርሜበታለሁ።»

መፈረሟ እውነት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሲስተር ፀጉሯን ልትሠራ ሄደች። ፎጣዋንና ማበጠሪያዋን ከቤቷ ይዛ ነው የምትሄደው። ፀጉር ሠሪዋ የእንካችሁ ባል እህት ናት፤ ሲስተርን በመልክ እንጂ በሥራ አታውቃትም። ግማሽ ራሷ በቢጎዲን ተጠቅልሎ ግማሹ እየተንጠባጠበ ሳለ፣ ከጎኗ የተቀመጠች ነፍሰ ጡር የመውለጃዋን ቀን መቁጠር እንዳቃታት አወራች።

«ይሄማ ምን ችግር አለው?» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ቅባት በነካ እጇ ስልኳን እያወጣች። «የወንድሜ ሚስት የሰጠችኝ አፕ አለ። ቁልጭ አድርጎ ነው የሚነግርሽ።»

ነገራትም። ሴትዮዋ ተደሰተች። ሲስተር በመስታወቱ ውስጥ የአፑን ሰማያዊ ምልክት አይታ ለየችው፤ ትንሽ ኩራት ቢጤም ተሰማት።

«ዋናው ጉድ ግን ይሄ አይደለም» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ድምጿን ዝቅ፣ ፈገግታዋን ሰፋ አድርጋ። «‹የተደመሰሱ› የሚል ነገር አለ፣ ታች። ስትነኪው ሰው ይወጣል! ኑ እዩ።»

ሴቶቹ መጡ። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የነበረችው ሳትቀር ራሷን አውጥታ መጣች። የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ወጣ፣ ኪንታሮት። ሳቁ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ወጣ፣ የአባላዘር። እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ሲስተር የሴቶቹን ጥርስ፣ የተከፈተ አፋቸውን፣ ስልኩን የሚሻሙ ቅባታም ጣቶቻቸውን አየች። የሰው ቁስል ላይ እንደ ዝንብ የሚያርፉ፣ ምን ዓይነት ቆሻሾች ናቸው ስትል በውስጧ ረገመቻቸው። አፏን ከፍታ ልትጮህባቸው ስትል የልብስ ሰፊዋ ፎቶ ወጣ።

«ውይ! ይቺ ልብስ ሰፊዋ አይደለችም?» ፀጉር ሠሪዋ ጮክ ብላ አነበበች። «‹ከወሊድ በኋላ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈሳል።› ምስኪን! ቆይ፣ ታች ደግሞ ማስታወሻ አለ። ‹ሽታው አይቻልም። ጉብኝቱን ማሳጠር።›»

«እኔን! ቀሚሴ እሷ ጋ ነው እኮ!» አለች የካስኳ ሴትዮ፣ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች፤ የለበሰችው ሌላ ቀሚስ ነው እንጂ። አንዷ አፍንጫዋን ያዘች፣ ቤቱን የሞላው የተቃጠለ ፀጉር ሽታ ሆኖ ሳለ።

«ማናት ይሄን የጻፈችው?» አለች ነፍሰ ጡሯ።

«ስም የለውም። ‹ታብሌት ቁጥር አንድ› ነው የሚለው። ማንም ትሁን፣ አፏ መርዝ ነው!» አለችና ሳቀች።

ሲስተር አፏን መልሳ ገጠመች። እኔ ነኝ የጻፍኩት ብትል፣ ነገ ይሄ ሁሉ ምላስ በሷ ላይ ነው። ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ደምስሺው።»

«የተደመሰሰው ነው እኮ ይሄ፣ እትዬ!»

ሁሉም እንደ አዲስ ሳቁ። ሲስተር ከነቢጎዲኗ ሻሽ ጣል አድርጋ ወጣች። እውነቱን መናገር አለመቻሏ ከሳቃቸው በላይ ቀፈፋት፤ መንገዱን ሙሉ አፏ መራራ ሆኖ ነው የሄደችው።

ሰኞ ጠዋት ታብሌቶቹ ከመውጣታቸው በፊት የኮምፒውተር ባለሙያውንና እንካችሁን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«ለማን ለማን ሰጠሽ?»

እንካችሁ በጣቷ ቆጠረች። «ካንቺ እንደተቀበልኩት፣ የኔን ሕመምተኞች ሳላስገባበት ነው የሰጠሁት። ለባሌ እህት። ለጎረቤቴ፣ እርጉዝ ስለሆነች። ለአክስቴ ልጅ። ዳቦ ቤቱ አጠገብ ላለው ሞባይል ሱቅ፣ እሱ ለእርጉዞች በነፃ እንዲጭንላቸው ብዬ። የጽድቅ ሥራ ነው እኮ የመሰለኝ!» ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሲስተርዬ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ለማንም ይሰጣል ያልሽው?»

«አፑን ነው እንጂ ሕመምተኛውን ነው ያልኩት?»

«ፎልደሩን እንዳለ ስጡ ያልሽውስ?» አለች እንካችሁ፣ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች።

ባለሙያው ጣልቃ ገባ። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ችግሩም እሱ ነው። አፑን ለማንም መስጠት ይቻላል፤ የሠሩት ሰዎች ፈቅደዋል። ውስጡ ያለውን መረጃ ግን መፍቀድ የሚችለው ሕመምተኛው ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ የጠየቀው የለም። ጠርሙሱን ስጡ ቢሏችሁ ወተቱንም አብራችሁ ሰጣችሁ።»

«ደምስሰነዋል እኮ!»

«መደምሰሱ ከዓይን መሰወር ነው። ከዋናው ማዕከል ጋር ተገናኝቶ ካልተረጋገጠ አይጠፋም። የዚህን ቤት ኢንተርኔት ደግሞ ታውቁታላችሁ።» ከቅብብሉ ታብሌቶች አንዱን ከፍቶ አሳያቸው። «የሁሉም መነሻ ቁጥር አንድ ነው። የርስዎ ነው፣ ሲስተር። ሠላሳ አንዱም የርስዎ ሕመምተኞች ናቸው።»

«መሰብሰብ አይቻልም?»

«ሱቁ ጋ ዛሬ እሄዳለሁ። የቀረው ግን የፈሰሰ ውሃ ነው። ሕጉ የሚለን ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ሄዳችሁ ንገሩ ነው። ሌላ ሰው ሳይነግራቸው በፊት።»

ሲስተር ብቻዋን ስትቀር ታብሌቷን ከፍታ ማስታወሻዎቿን ከላይ እስከ ታች አነበበች። ‹ጥርሱን አይፍቅም።› ‹ውሸታም፤ መድኃኒቱን ትሸጣለች።› ‹ድመቷ አልጋ ላይ ናት፤ ምንም ነገር አለመንካት።› ‹እግሩ ይከረፋል።› ሠላሳ አንድ ሰው፣ ሠላሳ አንድ ምራቅ። ሃያ ስድስት ዓመት መግል ስታጥብ እንደዚያ ቀን አቅለሽልሿት አያውቅም። የራሷ እያረረባት የሰው ስታማስል ነው የኖረችው። ታብሌቱን በአልኮል ጠረገችው፤ ምንም ለውጥ አላመጣም።

ከሠላሳ አንዱ ማንን እንደምታስቀድም ጥያቄ አልነበረውም። ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደች። ደረጃውን ስትወጣ የምትለውን ደጋገመች፤ ስሕተት ተፈጥሯል፣ የቴክኒክ ችግር ነው፣ እርምጃ እየተወሰደ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ስትደርስ ቃሉ ሁሉ የሌላ ሰው ሆኖ ተሰማት።

ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፈተች። ወለሉ ገና ታጥቦ እርጥብ ነው፤ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ጠረጴዛው ላይ አምስት ስድስት ጨርቅ፣ ገና እንዳልተሰፋ፣ ለመመለስ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የልብስ ስፌት መኪናዋ ተሸፍኗል።

«አንድ ነገር ልነግርሽ...»

«ደርሶኛል» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ስልኳን እያነሳች። «አንዷ ደንበኛዬ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። አዝናልኝ ነው አሉ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ለኔ ግን ፈጥኖ ነው የደረሰኝ።»

ሲስተር ያጠናችውን አወረደችው። አፑ፣ ፎልደሩ፣ ሕጉ፣ ባለሙያው። ልብስ ሰፊዋ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ሽታውን ተይው» አለች ከዚያ። አሥራ አራት ወር ሙሉ እርስዎ ስትል የኖረችው ሴት አሁን አንቺ አለች። «እኔ አፍንጫ የለኝም መሰለሽ? አውቃለሁ። ዋሽተሽኝ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ባንቺ ቃል ተማምኜ የእህቴ ልጅ ልደት ሄድኩ፤ ሕፃናት መሃል ተቀመጥኩ። አንድ በአንድ ከአጠገቤ ሲነሱ ሊጫወቱ ነው ብዬ አሰብኩ።»

ሲስተር መሬት መሬቱን አየች።

«እሱንም ተይው። ይሄን ግን አንብቢልኝ፤ ዓይኔ ተሳስቶ እንደሆነ።» ስልኩን አዞረችላት። በጣቷ የያዘችው መስመር ከማስታወሻው በታች ያለው ነው፤ ፀጉር ቤት ውስጥ ለማንም ስለማያስቅ ማንም ያላነበበው።

‹ወደ ሆስፒታል መላኪያ ፎርም፦ አልተሞላም።›

ሲስተር አነበበችው።

«ይደውላሉ ብለሽኛል። ስልኬን ሽንት ቤት ይዤው ነው የምገባው። ስታጠብ በላስቲክ ጠቅልዬ አጠገቤ አስቀምጠዋለሁ። የማላውቀው ቁጥር ሲደውል መርፌ እጄ ውስጥ ይሰበራል። አሥራ አራት ወር። ማንም ያልጠየቀልኝን ተራ ነው ስጠብቅ የኖርኩት?»

«ፎርሙ... ረጅም ነው። ቁጭ ተብሎ ነው የሚሞላው።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ሲስተር ለመዋሸት አፏን ከፈተች፤ ውሸቱ አልመጣላትም።

«ግማሽ ሰዓት።»

«ግማሽ ሰዓት» አለች ልብስ ሰፊዋ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ሲስተርን ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ አየቻት፤ ሲስተር በዚያ ዓይነት ዓይን ስንቱን ሰው አይታ እንደነበር ያኔ ገባት። «ይሄ ነገር ባይበተን ኖሮ እስካሁን ስልኬን ታቅፌ ነበር ማለት ነው። የበተነችው ማን ናት? ወስደሽ አሳይኝ፣ ላመስግናት።»

ሄዳ መስኮቱን ዘጋችው። በሩንም ዘጋች። ወንበር ከጠረጴዛው ስር ስባ ከራሷ አልጋ ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት በሚያገናኝ ርቀት አስቀመጠችው።

«ተቀመጪ።»

ሲስተር ተቀመጠች። ያነጠፈችው ጋዜጣ አልነበረም። ክፍሉ ሲዘጋ ሽታው ከየጥጉ ተነስቶ መጣና አፏ ውስጥ ገባ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ትንፋሿን መያዝ አማራት፣ ያቺ ሴት ግን ከንፈሯን እያየቻት ነበር። ተነፈሰች። ታብሌቱን ከፈተች፣ ፎርሙን አወጣች። አርባ ሁለት ጥያቄ አለው። ስምና ዕድሜ ቀድሞ የተሞላ ስለነበር ከሦስተኛው ጀመረች።

«‹ችግሩ ከጀመረ ስንት ጊዜ ሆነው?›»

«ከመቼ ልቁጠርልሽ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ከወለድኩ ነው፣ ወይስ አንቺ ከመጣሽ?»

ሲስተር ሁለቱንም ጻፈችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።